ተነሳሒ በሕዝብ ፊት፦ ከመዲና እስከ ፑንጃብ

በመዲና ከተማ፣ በነቢዩ ሙሐመድ መስጊድ ጥንታዊ ክፍል ከቆሙት ዓምዶች አንዱ የንስሐ ዓምድ ይባላል። በቀድሞው ዘመን በዚያ ስፍራ የቆመው የተምር ግንድ ነበረ፤ ስሙንም ያገኘው አቡ ሉባባ የተባለ የመዲና ሰው ራሱን በገዛ እጁ ስላሰረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ627 (ከዚህም በኋላ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ሙስሊሞች የበኑ ቁረይዛን ነገድ ምሽግ ከበው ሳሉ፣ የተከበቡት ሰዎች የጥንት ወዳጃቸው አቡ ሉባባ መጥቶ እንዲመክራቸው ለመኑ፤ እርሱም በገባ ጊዜ ሴቶችና ሕፃናት እያለቀሱ ቢከቡት ልቡ ራርቶ፣ እጃችንን ብንሰጥ ምን ይደርስብናል ለሚሉት በአፉ ስጡ እያለ በእጁ ወደ ጉሮሮው አመለከተ። የምልክቱን ክብደት የተረዳው ገና ከቆመበት ስፍራ ሳይነቃነቅ ነበረ፤ የላኩትን ሰዎች ምስጢር ለባላጋራ አሳልፎ ሰጥቷልና። ስለዚህ ወደ ነቢዩ ፊት ለመቅረብ አፍሮ በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄደና ፈጣሪ እስኪምረኝ ድረስ ከዚህ አልወጣም ብሎ ራሱን ከግንዱ ጋር አሰረ። ነቢዩም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ወደ እርሳቸው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ምሕረት ይለምኑለት እንደ ነበረ፣ ራሱን ካሰረ በኋላ ግን ፈጣሪ ሳይፈታው እርሳቸው እንደማይፈቱት ተናገሩ። ሚስቱ በየሶላቱ ሰዓት እየመጣች ትፈታዋለች፣ ሶላቱም ሲፈጸም መልሳ ታስረዋለች። ከቀናት በኋላ ምሕረቱ በተገለጸ ጊዜ ሰዎች ሊፈቱት ቢሮጡ እምቢ አለ፤ ለንጋት ሶላት ሲወጡ በእጃቸው የፈቱት ነቢዩ ራሳቸው ናቸው።

በአገራችን ክርስቲያን ዘንድ የታወቀው የንስሐ አባት፣ በምስጢር የሚሰማ ኑዛዜና በካህኑ ሥልጣን የሚሰጥ ቀኖና፣ በእስልምናም ሆነ በሲኮች ሃይማኖት ሥርዓት ቦታ የለውም፤ ኃጢአትን የሚያስተሰርይ ፈጣሪ ብቻ ነው፣ በሰውና በፈጣሪው መካከልም የማሠርና የመፍታት ሥልጣን የተሰጠው ካህን አይቆምም። ይህን ትምህርት ብቻ የሚያነብ ሰው፣ ንስሐ በሁለቱም ዘንድ በልብ ጓዳ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። የሁለቱን ሃይማኖቶች ዜና መዋዕል የመረመረ ግን፣ ካህን በሌለበት ስፍራ ሕዝቡ ራሱ ምስክር፣ አንዳንድ ጊዜም ዳኛ ሆኖ እንደ ቆመ ያያል።

ከአቡ ሉባባ ታሪክ ይልቅ ተብራርቶ የተነገረው የከዕብ ኢብን ማሊክ ዜና ነው፤ ባለ ታሪኩ የታወቀ ባለቅኔ ነበረና፣ ሸምግሎ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እጁን ይዞ ይመራው ለነበረው ለልጁ ውርደቱን ሳይሸፍን ተረከለት፤ ኢማም ቡኻሪም በሐዲስ መድበላቸው ውስጥ ጽፈው አቆዩልን። በ630 ነቢዩ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ወራቱ ሐሩር የበረታበት፣ ፍሬ የሚበስልበትና ጥላ የሚወደድበት ነበረ። ከዕብ ያን ጊዜ ከመቼውም ይልቅ ባለጸጋ ነበረ፤ ዛሬ እሰናዳለሁ ነገ እደርስባቸዋለሁ እያለ ቀን ሲገፋ ሠራዊቱ ራቀና፣ በከተማይቱ በግብዝነት ከሚጠረጠሩትና ከአቅመ ደካሞች ጋር ቀረ። ነቢዩ በተመለሱ ጊዜ ከሰማንያ የሚበልጡ ቀሪዎች እየመጡ ምክንያታቸውን በመሐላ አጸኑ፤ ነቢዩም ቃላቸውን ተቀብለው የልባቸውን ነገር ለፈጣሪ ተዉት። ከዕብ ግን፣ በሌላ በማናቸውም ባለሥልጣን ፊት ቢሆን በአንደበቱ ብልሃት ያመልጥ እንደ ነበረ እያወቀ፣ አንዳች ምክንያት እንደሌለው ተናገረ። ሙራራና ሂላል የተባሉ ሁለት ሰዎችም እንዲሁ አሉ። በሦስቱም ላይ ማንም ሰው እንዳያነጋግራቸው ተወሰነ።

ሁለቱ በቤታቸው ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ በዕድሜ ወጣትና ብርቱ የነበረው ከዕብ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ወደ መስጊድም ይሄዳል፤ ከነቢዩ አጠገብ ሆኖ ሰላምታ እያቀረበ፣ ከንፈራቸው ለመልስ ተነቃነቀ ወይስ አልተነቃነቀም እያለ በዓይኑ ይከታተላል። አንድ ቀን የዘመዱን የአቡ ቀታዳን የአትክልት ቅጥር ዘልሎ ገብቶ፣ ፈጣሪንና መልእክተኛውን እንደምወድ ታውቅ የለምን ብሎ ደጋግሞ ቢማጸነው፣ ያገኘው መልስ ይህን እነርሱ ያውቃሉ የሚል ብቻ ሆነ። የገሳን ንጉሥም ወሬውን ሰምቶ፣ ጌታህ ካስከፋህ ወደ እኛ ና የሚል ደብዳቤ ቢልክለት ከዕብ ወረቀቱን ከምድጃ ጨመረው። ቅጣቱ አርባ ቀን በሞላ ጊዜ ሦስቱ ከሚስቶቻቸው እንዲርቁ ታዘዘ። በሃምሳኛው ሌሊት ንጋት፣ በቤቱ ጣራ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሰልዕ ኮረብታ የምሥራች የሚያሰማ ድምፅ መጣ። ከዕብ የለበሰውን ልብስ ለአብሣሪው ሸልሞ፣ ሌላ ስላልነበረው ተውሶ ለብሶ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ከተሰበሰቡት መካከል ጠልሓ ተነሥቶ እየሮጠ ጨበጠው፤ ከዕብ ይህን ውለታ እስከ እርጅናው አልረሳውም። ስለ ምስጋና ሀብቱን ሁሉ ሊሰጥ ቢል፣ ነቢዩ ከፊሉን አስቀር ብለውት በኸይበር የነበረውን ድርሻ አስቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፤ የዋሹት በዚያው ዕለት በሰላም ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ እውነቱን የተናገሩት ሃምሳ ሌሊት ተቀጥተዋል። ቅጣቱ የተሰጠው ንስሐ ሊገባ የሚችል ልብ አላቸው ለተባሉት ሰዎች ነበረ፤ የቀሩትን ከእነ መሐላቸው ተዉአቸው።

የኋላ ዘመን ሊቃውንት ይህን ሁሉ በሕግ መልክ አደላደሉት። በ1277 ያረፉት ኢማም ነወዊ እንደ ጻፉት፣ የተውባ፣ ማለትም የንስሐ፣ ግዴታዎች ኃጢአቱን መተው፣ በእርሱም መጸጸትና ዳግመኛ ላለመመለስ መቁረጥ ናቸው፤ ኃጢአቱ የሰው መብት የነካ እንደ ሆነ ግን አራተኛ ግዴታ ይጨመራል፤ የተወሰደውን ለባለቤቱ መመለስ፣ የተበደለውንም ሰው ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ አራተኛው ግዴታ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከፉደይል ኢብን ኢያድ ገድል የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ፉደይል በአቢወርድና በሰረኽስ ከተሞች መካከል መንገድ እየቆረጠ ነጋዴ የሚዘርፍ ሽፍታ ነበረ። አንድ ሌሊት ወደሚወዳት ሴት ሊገባ ቅጥር ሲዘል፣ የአማኞች ልብ ለፈጣሪ የሚራራበት ጊዜ አልደረሰምን የሚል ትርጓሜ ያለውን የቁርኣን ቃል ሲነበብ ሰምቶ፣ በእውነት ደርሷል ብሎ ተመለሰ፤ በፍርስራሽ ቤት ሲያድርም፣ ፉደይል በመንገድ ላይ ነውና እስኪነጋ እንቆይ የሚሉ መንገደኞችን ቃል በጆሮው ሰማ። የፋርሱ ባለቅኔ ፈሪደዲን አጣር በቅዱሳን ገድል መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከዚያ በኋላ የዘረፋቸውን ሰዎች እየፈለገ ይቅርታ ይለምን ነበረ፤ ከእነርሱም አንድ የአቢወርድ አይሁዳዊ እምቢ ብሎ፣ የአሸዋ ኮረብታ በትከሻው ተሸክሞ እንዲያነሣ አዘዘው። ፉደይልም ሌት ተቀን ሲያመላልስ ሰንብቶ ሲደክመው ነፋስ መጥቶ ኮረብታውን ጠረገው ይላል። ገድል ጸሐፊዎች በየትም አገር ነፋስን ማዘዝ ይወዳሉ፤ ከነፋሱ በፊት ያለው ግን፣ ባለዕዳው አሸዋ ተሸክሞ መመላለሱ፣ ተአምር የማያስፈልገው ነገር ነው። ፉደይል በ803 በመካ ሲያርፍ ስሙ ከታላላቅ መናንያን ጋር የሚጠራ ሆኗል።

ከዚህ ከሰባት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በፑንጃብ የተነገረው ታሪክ የፉደይል ወንድም ይመስላል። በሙልታን አቅራቢያ በቱላምባ ከተማ ሰጃን የሚባል ሰው ለሂንዱ መንገደኞች ቤተ ጣዖት፣ ለሙስሊሞች መስጊድ አሠርቶ እንግዳ በክብር ይቀበላል፤ ሌሊት ግን ያደሩትን ገድሎ ከጉድጓድ እየጣለ ንብረታቸውን ይወርስ ነበረ። የሲኮች ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ (1469–1539)፣ በሙስሊሙ ባለ ክራር በማርዳና ታጅበው በዚያ ባደሩ ጊዜ፣ ለመኝታ ሲጋበዙ በዜማ ተቀኙ፤ ሰጃንም መዝሙሩ ስለ እርሱ መሆኑን አውቆ ከእግራቸው ወደቀ። የጉሩው ትእዛዝ፣ የሠራውን ሁሉ እንዲናገርና የዘረፈውን ሀብት ለድሆች እንዲያከፋፍል ነበረ፤ ቤቱም ወደ ጸሎት ቤት ተለወጠ፤ የሲኮች ትውፊትም ከጸሎት ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይለዋል። ጉሩ አርጃን በ1604 የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ ሲያጠናቅሩ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት የሱፊ መምህር ከሼኽ ፈሪድ ግጥሞች 112 አጫጭር ስንኞችና 4 መዝሙራት አግብተዋል፤ የእነዚህ ስንኞች ዋና ነገር ሞት ሳይቀድም መመለስ ነው። ሙስሊሙ የተጸጸተበት ቃል በሲክ ጸሎት ቤት ዛሬም ይዜማል።

በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ደም ስለ ፈሰሰ፣ ይህን መቀራረብ ብቻ ተርኮ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። በ1705 የሙጋል መንግሥት የሲርሂንድ ገዢ ወዚር ኻን አሥረኛውን ጉሩ፣ ጎቢንድ ሲንግን፣ ያሳድድ ነበረ። ከዚያ በፊት ጉሩው የሚኖሩባት የአናንድፑር ከተማ ተከብባ ራብ በጸና ጊዜ፣ ከማጃ አውራጃ የመጡ አርባ ሲኮች ከእንግዲህ አንተ ጉሯችን አይደለህም፣ እኛም ሲኮችህ አይደለንም የሚል ወረቀት ፈርመው ወጥተው ነበረ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ማዪ ባጎ የተባለች ሴት አሳፈረቻቸውና፣ እርሷው እየመራች ወደ ኪድራና ኩሬ ወስዳቸው ከአሳዳጁ ሠራዊት ጋር ተዋግተው አለቁ። ጉሩው ከጦርነቱ ስፍራ ሲደርሱ፣ ገና ነፍሱ ያልወጣችው መሃን ሲንግ ምን ትመኛለህ ቢባል ያ ወረቀት እንዲቀደድ ብቻ ለመነ፤ ጉሩውም አውጥተው ቀደዱት። ስፍራው ሙክትሳር ተባለ፤ በየዓመቱ በጥር ወር ሕዝብ ይሰበሰብበታል፤ አርባዎቹም በሲኮች የዕለት ጸሎት በስም ከሚታሰቡት ጋር ገብተዋል። እነዚያ ከሃዲዎች ተብለው ሊረሱ የሚገባቸው ሰዎች ነበሩ።

የሲኮች ልማድ ከመዲናው የሚለየው ግን ከዚህ በኋላ በተደላደለው ሥርዓት ነው። በመዲና የሦስቱ ሰዎች ይቅርታ ከላይ እስኪመጣ ድረስ ማኅበሩ ዝም ብሎ ጠብቋል፤ በ1699 በአናንድፑር የቆመው ኻልሳ የተባለው የተጠመቁት ማኅበር ግን፣ ሕግ የተላለፈውን ራሱ ይጠራዋል፣ ራሱ ይቀጣዋል፣ ራሱም ይቀበለዋል። ቅጣቱ ታንኻ ይባላል። ጠጉር መቁረጥ፣ ትምባሆ መጠቀም፣ ማመንዘርና የተከለከለ ሥጋ መብላት ከከባዶቹ ጥፋቶች ይቆጠራሉ። ሕጉ ማንንም አይለይም፤ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ራሳቸው ዳዱ በተባለ ቅዱስ ሰው መቃብር ላይ ቀስታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ ተብለው፣ የሰው መቃብር ማክበር ክልክል ነውና በተከታዮቻቸው መቀጫ ተቆረጠባቸው፤ ትውፊቱ ሊፈትኗቸው ብለው እንዳደረጉት ይጨምራል። የፑንጃብ ንጉሠ ነገሥት ራንጂት ሲንግም (1801–1839) ሞራን የተባለች ሙስሊም ዘፋኝ ባገባ ጊዜ፣ አካል ታክት የተባለው የሲኮች የበላይ የሃይማኖት ሸንጎ አለቃ አካሊ ፑላ ሲንግ በአምሪትሳር አስጠርቶ ጅራፍ ፈረደበት፤ ንጉሡም ልብሱን ገልጦ ጀርባውን ሰጠ። የተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ራራለት ጅራፉ በገንዘብ መቀጫ ተለወጠ። ታላቅ ሠራዊት የሚያስከትት ንጉሥ በአንድ የእምነት አለቃ ቃል ጀርባውን ማዘጋጀቱ በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በ1945 የጸደቀው የሲኮች የኑሮ ደንብ ይህን ልማድ በአጭር ቃል አጽንቶታል፤ ጥፋተኛው በማኅበሩ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ያምናል፣ አምስቱ የተወደዱ የሚባሉት ተመካክረው ቅጣቱን ያቀርባሉ፣ ቅጣቱም በተለይ በእጅ የሚሠራ አገልግሎት እንዲሆን ይመረጣል፤ ጥፋተኛው በቅጣቱ አይከራከርም፣ ማኅበሩም ይቅርታ ለመስጠት ልቡን አያደነድንም። የሚታዘዘው ሥራ የምእመናንን ጫማ መጥረግ፣ የጋራውን ማዕድ ሳህን ማጠብ፣ ወለል መጥረግ ነው። በየትኛውም አገር ሰው እግሩን እንጂ እጁን ወደማይሰድበት ነገር እጅን ማውረድ ማለት ነው።

ሸንጎ ባለበት ግን ፖለቲካ አይጠፋም። የፑንጃብ ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሱርጂት ሲንግ ባርናላ በ1986 ፖሊስ ወደ ወርቃማው ቤተ መቅደስ በማስገባታቸው ተወግዘው፣ በ1988 ለቅጣት ቀረቡ፤ በአንገታቸው ጽሕፈት ተንጠልጥሎ ከዓምድ ጋር በገመድ ታሰሩ፣ ጫማም ጠረጉ። አቡ ሉባባን ያሰረው የገዛ ኅሊናው ነው፤ ባርናላን ካሰሩት ሰዎች መካከል ግን ሥልጣናቸውን የሚሹ ነበሩ ወይ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይመስለኝም። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የፑንጃብ ምክትል ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሱክቢር ሲንግ ባዳል፣ ፓርቲያቸው በሥልጣን ሳለ ስለ ሠራቸው ጥፋቶች በአካል ታክት ተፈርዶባቸው፣ እግራቸው ተሰብሮ ስለ ነበረ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ጦር ይዘው የቤተ መቅደሱን በር ሲጠብቁ አንድ ሰው ሽጉጥ ተኮሰባቸው። ጥይቱ ሳያገኛቸው ቀረ። በማግስቱ ወደ አናንድፑር ሄደው፣ በብዙ ጠባቂዎች ተከብበው፣ የቀረውን ቅጣት ቀጠሉ፤ ሳህንም አጠቡ።