የፅንስ «አደራጅ» ፍለጋ ታሪክና የሥነ ሕይወት ትምህርት

በሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ግኝት ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በስሙና በትርጓሜው ነው። ግኝቱን የወለደው ጥያቄ ግን ይዘለላል። ኖጊን የተባለው ፕሮቲን የተገኘበት ታሪክ ይህ አቀራረብ ተማሪውን ምን እንደሚያሳጣው ያስረዳል።

ጥያቄው የተነሣው በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርስቲ ነው። ፕሮፌሰር ሐንስ ስፔማንና ተማሪያቸው ሂልደ ማንጎልድ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ የሳላማንደር ፅንስ የተወሰደ ጥቂት የአካል ክፍል በሌላ ፅንስ ላይ ሲተከል ሁለተኛ ጀርባና ነርቭ እንደሚያበቅል አሳዩ። ሁለቱ ፅንሶች በቀለም ከሚለያዩ ዝርያዎች የተገኙ ስለ ነበሩ፣ አዲሱ ነርቭ በአብዛኛው የተሠራው ከተቀባዩ ፅንስ ሕዋሳት መሆኑን ለመለየት ተችሏል። የተተከለው ክፍል ስለዚህ «አደራጅ» ተባለ። ማንጎልድ በዚያው ዓመት በእሳት ቃጠሎ አደጋ ሞቱ፤ ስፔማን ግን እ.ኤ.አ. በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አደራጁ በምን ንጥረ ነገር እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ብዙ ዐሠርት ዓመታት ፈጅቷል። የሞተ ሥጋ እንኳ ተመሳሳይ ውጤት በማሳየቱ ተመራማሪዎች ተቸግረው ነበር። መፍትሔው የመጣው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለእርግዝና ምርመራ ስታገለግል በየላቦራቶሪው ከተሠራጨችው የደቡብ አፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዊልያም ስሚዝና ሪቻርድ ሃርላንድ የኖጊንን ጂን ከዚህች እንስሳ ለዩ። በ1996 ደግሞ አሠራሩ ታወቀ፤ ኖጊን ሕዋሳት ቆዳ እንዲሆኑ የሚያዘውን ቢ.ኤም.ፒ. የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ከሕዋሱ ውጭ ይይዘዋል፤ ትእዛዙም ወደ ሕዋሱ አይደርስም። ትእዛዝ ያልደረሳቸው ሕዋሳት ነርቭ ይሆናሉ። ስለዚህ አደራጁ የሚሠራው በመከልከልም ጭምር ነው።

ይኸው ክልከላ በሰውም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደ ታወቀው፣ በሰው የኖጊን ጂን ላይ ጉድለት ሲኖር የጣት አጥንቶች መጋጠሚያ ሳያበጁ ይጣበቃሉ። ዛሬ የሰው ኖጊን ጂን በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑ ይመረታል። ይህም ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይባላል። ተመራማሪዎችም ሕዋሳትን በሳሕን ላይ ለማሳደግና የፅንስን ዕድገት ለመመርመር ይጠቀሙበታል።

ለአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች መምህር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የደቡብ አፍሪካዋ እንቁራሪት ዘመድ የሆነችው ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ትኖራለች። የሁሩታ መምህር ላቦራቶሪ ባይኖረው እንኳ፣ ተማሪዎች ጣታቸውን አጥፈው «ይህ መጋጠሚያ በአጥንት ያልተሞላው ስለ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ሊያደርግ ይችላል። የሥርዓተ ትምህርት ዐቃጆችም ከፕሮቲኑ ስም በፊት ለዚህ ጥያቄ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ፣ ተማሪው ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ የተገኘበትን አስተሳሰብ ይዞ ይወጣል።