ዑመር (ረ.ዐ.) የሰሙት ለቅሶ



ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነጋዴዎች ከሩቅ መጥተው በመዲና የሶላት ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ.) አስከትለው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። ሕጻን ሲያለቅስ ቢሰሙ እናቲቱ አላህን እንድትፈራና ለልጇ እንድታዝን መክረው ተመለሱ። ልጁ ግን ደግሞ አለቀሰ፤ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲልም ሠለሰ። ሲቆጧት ጊዜ ማን መሆናቸውን ሳታውቅ ምክንያቷን ነገረቻቸው። ልጁን ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው ነበር፤ ዑመር ቀለብ የሚቆርጡት ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ነዋ! በዚያ ማለዳ ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሣ ቂርአታቸው በወጉ አልተሰማም። ከሶላት በኋላም አዋጅ አስነገሩ፤ እናቶች ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ለሚወለድ ሕጻን ሁሉ ቀለብ እንዲቆረጥ ታዘዘ፤ ለየአገሩም ተጻፈ።

ለደረሶቼ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር የሚይዘኝ አንድ ነገር አለ። ደንቡ በክፋት የወጣ አልነበረም፤ ለሕጻናት ታስቦ የተሠራ ደግ ደንብ ነበር። ጉዳቱ የመጣው እርዳታው ዘግይቶ ስለሚጀምር ነው።

እኛ የላስታ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከላስታና ከዋግ፣ ከራያም ብዙ ሕዝብ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ቆረም ተሰደደ። በጥቅምት ወር የናይሮቢው ተወላጅ ሙስሊም ካሜራማን ሙሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። (ይህ ሰው በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በ1989 ደግሞ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት።) ከፊልሙ በኋላ ገንዘብ ከየአገሩ ጎረፈ። ዳሩ ግን የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪውን ያሰማው መጋቢት 1976 ነበር። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስንት ወር ነው? ቁጠሩት። በመጠለያው ሕጻናቱን የጨረሰው ባዶ ሆድ ብቻ አልነበረም፤ ሰውነታቸው ከደከመ በኋላ የመጣው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምችም ነው።

እኔ ያን ጊዜ ጡት የምጠባ ሕጻን ነበርኩ። የእናቴ ጡት ደረቀ። ያተረፈችኝ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ፍየል መሆኗን እናቴ እስክትሞት ድረስ ትናገር ነበር። ለፍየሏ ባለቤቶች ያ ወተት ትርፍ አልነበረም፤ የራሳቸው ልጆች ነበሯቸው።

እንዲህ ተርፌ ሳለ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ከደረሶቼ አንዱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ወደ መድረሳችን የሚወስደውን አቀበት ሲወጣ ሦስት አራት ጊዜ ይቀመጥ ነበር። ዘወትር ያረፍዳል። ሰነፍ አልኩት፤ በጓደኞቹም ፊት ገሠጽኩት። አንድ ቀን ተዝለፍልፎ ወደቀና በቃሬዛ ወደ ላሊበላ ወረደ። የታመመው ልቡ ነበር።

ሐኪሙ እንዳስረዱን ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እኛ እንጥል እናስቆርጣለን፤ ወይም ይተወዋል ብለን እንቀመጣለን። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ያስከትላል፤ ሲደጋገምም የልብን በሮች ያበላሻል። መጀመሪያ ላይ በፔኒሲሊን የሚመለሰው በኋላ ደረትን ከፍቶ መጠገን ይጠይቃል።

ለዚህ ጥገና ልጆቻችን ለረጅም ዘመን ባሕር ማዶ መሄድ ነበረባቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከልን መሥርተው በ«አንድ ብር ለአንድ ልብ» ጥሪ ሕዝቡን አስተባበሩ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉ ተከፈተ። ዛሬም ወረፋ የሚጠብቁት ሕጻናት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ታዲያ ከአንድ ቤተሰብ ምን ይጠበቃል? የግብጽ ሱልጣን ቀላውን በ683 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ላይ ሆስፒታል ሲያሠሩ የሱቆችና የሌሎች ንብረቶችን ኪራይ ወቅፍ አደረጉለት። በሽተኛው በመጣ ቀን ወጪው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። እኛ ሱቅ የለንም፤ ቅሬ ግን አለን። ቅሬ ለቀብር ተሰባስቦ ያዋጣል፤ ቃሬዛም ይሸከማል። የሰው ልጅ ከሞተ በኋላ የምናወጣውን ብር ግማሽ ያህል እንኳ ሳይሞት ብናወጣ ምን ነበረበት? በእኛ ሰፈር ይህን ያነሣሁ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቆጡኝ፤ የቅሬ ብር ለሌላ አይነካም አሉ። ለሁለት ወር ተከራከርን። በኋላ ከቀብሩ ተለይቶ ለታመመ ሕጻን ብቻ የሚሆን ሌላ ሣጥን ተቀመጠ፤ ቤተሰብ ሁሉ በየወሩ አቅሙ የቻለውን ይጥልበታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ገቡበት። ሶደቃ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ዘካ ይሆን እንደሆነ ግን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

ብር የሌለው ቤትም የሚሰጠው አያጣም። ልብ ሲጠገን ደም ያስፈልጋል፤ ለደም ባንክ የሚለግስ ጎልማሳ በየቤቱ አለ። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ከላስታ የታመመ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ሐኪም ቤት ደጅ የምታድረው ማረፊያ አጥታ መሆኑን ንገሯቸው። አንድ ፍራሽ ይበቃታል። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ መውሰዱንም ከዚሁ ቁጠሩት።

ደረሳዬ ወረፋውን እየጠበቀ ነው። ሕመሙ እንዳይብስበት በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ለመወጋት ወደ ላሊበላ ይወርዳል። የመኪናውን የሚከፍለው ሣጥኑ ነው፤ አቀበቱን በበቅሎ የምናወጣው እኛ በተራ ነን። የፊታችን ማክሰኞ ተራው የእኔ ነው።