የእርሳስ ባትሪና የበረዶው ወራት

ሚኒሶታ ያለ ጓደኛዬ የካምፕ መኪናውን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያቆማታል። አምና በረዶው ሲሄድ ገብቶ መብራት ቢጫን፣ ጨለማ። ባትሪው አብጦ ተሰንጥቋል።

ይህን ዓይነት ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ ሁለት የእርሳስ ዝርግ ጠቅልሎ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከረ። በ1881 ካሚል ፎር እርሳሱን በእርሳስ ኦክሳይድ ሊጥ ለበጠው። ኬሚስትሪው ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተነካም። ለኛ ለኮድ ጸሐፊዎች፣ ከ160 ዓመት በኋላም ፕሮዳክሽን ላይ ያለ ኮድ በሉት። ቡጉም አብሮት አለ።

ባትሪው ሲደክም አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ተዋህዶ ሰልፌት ይሆናል፤ የሚቀረው ፈሳሽ ወደ ውሃ ይጠጋል። ሙሉ ቻርጅ ያለው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም አይረጋም። ባዶው ግን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ሲል በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ባይሰነጠቅም ሰልፌቱ ሲቆይ ይጠጥርና ቻርጅ አይመልሰውም።

የጓደኛዬን ባትሪ የጨረሰችው ትንሿ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ቀን ከሌት ስትመጠምጥ ከረመች። ዘንድሮ ሞልቶ፣ ኔጌቲቩን ነቅሎ ነው ያቆማት። በየወሩ ይለካል፤ ከ12.4 ቮልት ከወረደ ቻርጅ ያደርጋል። ትናንት ፎቶ ላከልኝ፦ 12.6።