የማጓጓዣ ወጪና የጣና ዳር ፍራፍሬ

የሐይቃችን ዳር ማንጎና ሎሚ ከማን ጋር እንደሚወዳደር ለማወቅ ከፍሬው በፊት መንገዱን ማየት ይጠቅማል።

ከዘጌ እንጀምር። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ ልማድ የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡ የኖረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እየሸጠ ነው። ሦስቱም በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጡ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የደረቀ ቡና ቶሎ አይበላሽም፣ ለክብደቱም ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ በአጋሰስ ተጭኖ እስከ ጎንደርና መተማ ሄዷል። ሎሚ ግን ከባድ ነው፣ ይበላሻልም። የጭነት ኪራይ በክብደትና በርቀት ስለሚታሰብ ርካሽ ዕቃ ሩቅ አይሄድም።

በምሥራቅ በኩል ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የኤረር ብርቱካንና መንደሪን ሐዲዱ አጠገብ ስለሚበቅል ገበያው ሰፋ። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ግን ሐዲድ የለም፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ነው።

የመኪና መንገድ ሲመጣ ደግሞ በሁለት በኩል ይሠራል፤ የእኛን ማንጎ ሊያወጣ ይችላል፣ የአርባ ምንጭን ሙዝም ያመጣብናል። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድም ከዚያ አያንስም። ታዲያ ያን ሁሉ ተጉዞ እንዴት ያዋጣል? ሙዙ ጥሬውን ተቆርጦ ይጫናል፣ የሚበስለውም ከደረሰ በኋላ ነው። መኪናው ሙሉ ጭነት ይይዛል። እህል አራግፎ የሚመለስ ሹፌርም ባዶውን ከሚነዳ በቅናሽ መጫን ይመርጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለምሳሌ 1 ኩንታል ማንጎ ለማስጫን 500 ብር ከተከፈለ የኪሎው ድርሻ 5 ብር ነው። 20 ኪሎ ተጨፍልቆ ቢጣል ግን ያው 500 ብር ለ80 ኪሎ ይካፈልና 6 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። የተጣለው ፍሬ መግዣ ገና አልተቆጠረም።

ሩቅ ያለው ነጋዴ በአንድ መኪና የሚከፍለውን እኛ በየግላችን ለባጃጅ ስንከፍል፣ በኬሻ አጭቀንም ስናበላሽ፣ የቅርበታችን ጥቅም ያልቃል። ፔዳ አካባቢ ፍራፍሬ የምትቸረችሩ እህቶች፣ የአንድ ሳምንት የጭነት ወጪያችሁንና የተጣለውን ኪሎ ጽፋችሁ ወደ ስብሰባችን ብታመጡ፣ አብሮ ማስጫንና በሣጥን መጫን ስንት እንደሚያተርፈን በጋራ እናሰላዋለን።