የመኪና አምፕሊፋየር ብልሽትና የጥገናው ታሪክ

አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በተቃጠለው ክፍል ላይ ነው። ይሁን እንጂ የተቃጠለው ክፍል ሁልጊዜ የብልሽቱ ምንጭ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሌላው ክፍል ጉድለት ያደረሰበት ጉዳት ነው። የመኪና አምፕሊፋየር ታሪክ ይህንኑ እውነት በየዘመኑ ደጋግሞ ያሳየ ታሪክ ነው። ቫልቩ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተሩም በተቀናጀ ሰርኪት ሲተካ የዕቃዎቹ መልክ ፈጽሞ ተለውጧል፤ የጠጋኙ ፈተና ግን እምብዛም አልተለወጠም።

በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ የነበረው የፖል ጋልቪን ድርጅት «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ሁለት ከባድ ችግሮች ተደቅነውበት ነበር። አንደኛው ከሞተሩ ካንዴላዎች ብልጭታ የሚመነጨው ጫጫታ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኃይል አቅርቦት ነበር። የመኪናው ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ሲሰጥ የራዲዮው ቫልቮች ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ቮልቴጅ ይፈልጉ ነበር። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ የመኪና ራዲዮዎች ከመኪናው ባትሪ ሌላ፣ ሲያልቁ የሚተኩ ተጨማሪ ደረቅ ባትሪዎችን ይዘው ለመጓዝ ተገደዱ።

ለዚህ ችግር በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ «ቫይብሬተር» የተባለው መሣሪያ ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ምላስ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ እየተርገበገበ የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቆራርጠዋል፤ ትራንስፎርመሩም የተቆራረጠውን ኤሌክትሪክ ከ200 ቮልት በላይ ከፍ ያደርገዋል። የምላሱ መገናኛዎች ሲቃጠሉ ወይም ሲጣበቁ ራዲዮው ዝም ይላል። ቫይብሬተሩ ተሰክቶ የሚነቀል ስለነበረ መተካቱ ቀላል ሥራ ነበር። ሆኖም አዲሱ ቫይብሬተር ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና የሚቃጠልበት ጊዜ አልታጣም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከትራንስፎርመሩ ጋር የተያያዘው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችለው ትንሽ ካፓሲተር ነበር። የካፓሲተሩ ተግባር በመገናኛዎቹ ላይ የሚነሣውን ብልጭታ ማርገብ ነው፤ እርሱ ሲደክም መገናኛዎቹ ይነድዳሉ። ስለዚህ ቫይብሬተር ሲለወጥ ካፓሲተሩም አብሮ ይለወጥ የሚለው ደንብ በሙያው ውስጥ ጸና።

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ በኋላ የመኪና ራዲዮ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ክራይስለርና ፊልኮ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1955 አስታወቁ። በዚያው ወቅት የአሜሪካ መኪናዎች ከ6 ወደ 12 ቮልት በመሸጋገር ላይ ነበሩ። ትራንዚስተሩ በባትሪው ቮልቴጅ መሥራት ስለሚችል ቫይብሬተሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመኪና ራዲዮ ተሰናበተ።

በምትኩ ሌላ ጠላት መጣ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። የጀርማኒየም ትራንዚስተር በሞቀ መጠን የሚያስተላልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል፤ ልጓም ካልተበጀለት በገዛ ሙቀቱ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት በብዙዎቹ ራዲዮዎች ውስጥ ከ1 ኦም ያነሰ፣ እንደ ፊውዝም የሚያገለግል ሬዚስተር ይገባ ነበር። ይህ ሬዚስተር ተቃጥሎ ሲገኝ በቁራጭ ሽቦ የሚተካ ጠጋኝ የማስጠንቀቂያውን ደወል ዘጋ እንጂ ብልሽቱን አላዳነም፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ውዱ ትራንዚስተር ነውና።

ከዚህ በኋላ የአድማጩ ፍላጎት አደገ። በ14 ቮልት የሚሠራ አንድ ተራ የትራንዚስተር ሰርኪት ለ4 ኦም እስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ኃይል በስሌት ከ6 ዋት እምብዛም አያልፍም። ሁለት ሰርኪቶች በእስፒከሩ ሁለት ጫፎች ተቃራኒ ሆነው ቢሠሩ እንኳ ወሰኑ ወደ 24 ዋት ነው። ለ100 ዋት ግን በሁለቱም አቅጣጫ 28 ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የባትሪውን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ክፍል ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሊከን ጄኔራል እንዳወጣው ኤስጂ 1524፣ በኋላም እንደ ቲኤል 494 ያሉ መቆጣጠሪያ ሰርኪቶች ይህን ሥራ አቀለሉት። ቫይብሬተሩ በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጥ የነበረውን ኤሌክትሪክ አሁን ትራንዚስተሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጡታል፤ መሠረታዊው ሐሳብ ግን ያው ነው።

ብልሽቱም ወደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ። ከባትሪ 200 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ይጠይቃል። የማሳው ሽቦ በተበላሸ ቀለም ወይም በዝገት ላይ ታስሮ በመገናኛው 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር 1.7 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። አምፕሊፋየሩ ዝም ባለበት ሰዓት ሲለካ ግን ቮልቴጁ ሙሉ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ድምፁ ከፍ ብሎ በሚሠራበት ጊዜ፣ በራሱ በአምፕሊፋየሩ ማሰሪያ ላይ ነው። ቀጥሎ እስፒከሮቹ ተላቅቀው ይፈተናሉ፤ ሽቧቸው ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቶ እንደሆነም ይታያል። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ክዳኑ የተከፈተ አምፕሊፋየር ጥቂት አይደለም።

ፊውዙ በተተካ ቁጥር የሚቃጠል ከሆነ ግን ጉዳዩ ከውስጥ ነው። ከፍ ያለ ፊውዝ መክተት ጥፋቱን ያሰፋዋል እንጂ አያቆመውም። አስተዋይ ጠጋኝ በቅድሚያ የኃይል ለዋጩን ሞስፌቶችና የመውጫ ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ በሜትር ይለካል። ከዚያም ዲዮዶቹን ከሰርኪቱ አላቅቆ ኃይል ለዋጩን ብቻውን ይፈትናል፤ ለዋጩ በሰላም ከሠራ ጥፋቱ ወደ ድምፁ ክፍል ይጠቁማል። አንድ ሞስፌት ሾርት ሲያደርግ በጌቱ መንገድ ያለውን ሬዚስተርና የሚነዳውን ሰርኪት ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ እነዚህ ሳይመረመሩ አዲስ ሞስፌት መትከል የቫይብሬተሩን ዘመን ስሕተት መድገም ነው። የመጀመሪያው ሙከራም በቀጥታ በባትሪ ሳይሆን፣ አንድ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል በተከታታይ ገብቶ ቢደረግ የቀረ ጥፋት ቢኖር አምፖሉ በርቶ ይናገራል፤ ዕቃውም ይተርፋል።

በዛሬዎቹ የክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ዕቃዎቹ እጅግ አንሰዋል፤ የሰርኪቱም ሥዕል ብዙውን ጊዜ ከጠጋኙ እጅ አይገባም። በዚህ ሁኔታ «አይጠገንም» ማለት ቀላል ሆኗል። ዳሩ ግን ባትሪው፣ ማሳው፣ ኃይል ለዋጩ፣ መውጫውና እስፒከሩ በዚያው በጥንቱ ቅደም ተከተል እንደተሰለፉ ናቸው። ደንበኛው የሚከፍለው ዕቃው እንዲለወጥለት ብቻ አይደለም፤ የተለወጠው ዕቃ እንዳይቃጠል ጭምር ነው። የባለሙያ ክብር የሚለካውም የተቃጠለውን ዕቃ በማውጣት ሳይሆን ያቃጠለውን ምክንያት በማግኘት ነው።