የምርጫ ሥርዓትና የድምፅ መስጫ ቀን ከአገር አገር የሚለያዩባቸው ነጥቦች፦ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ምርጫ ዜጎች የሚወክሏቸውን ሰዎች በራሳቸው ድምፅ የሚሰይሙበት ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ የመራጮች ምዝገባ፣ የድምፅ አሰጣጥ እንዲሁም የተሰጠው ድምፅ ወደ ምክር ቤት መቀመጫ የሚለወጥበት ስሌት በሁሉም አገሮች አንድ ዓይነት አይደለም። የሌሎችን አገሮች ምርጫ በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚከታተሉ ወይም በውጭ አገር ዘመድ ያሏቸው ነዋሪዎች «በፖስታ መምረጥ ይቻላልን?»፣ «ሳልመዘገብ በዕለቱ ብሄድ ድምፅ መስጠት እችላለሁን?»፣ «የአገሪቱን መሪ በቀጥታ የምመርጠው እኔ ነኝን?» የሚሉ ጥያቄዎችን ያነሣሉ። በአንዱ አገር «አዎ» የሚል መልስ የሚሰጠው ጥያቄ በሌላው አገር «አይደለም» ተብሎ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያን የምርጫ ሥርዓት ከሌሎች አገሮች ጋር በማነጻጸር ያብራራል። ነዋሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው በአገራችን ድምፅ መስጠት የሚችለው አስቀድሞ የተመዘገበና በዕለቱ በተመዘገበበት ምርጫ ጣቢያ በአካል የተገኘ ሰው መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ድምፁን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በድምፅ መስጫው ቀን ሳይሆን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ የምዝገባው ጊዜ ሲያልፈው ነው።

1. የኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየአምስት ዓመቱ ሁሉ አቀፍ፣ ነጻ፣ ቀጥተኛና ድምፅ በምስጢር በሚሰጥበት ሥርዓት ይመረጣሉ። የአባላቱ ቁጥር ከ550 ሊበልጥ አይችልም፤ ከዚህም ውስጥ ከ20 የማያንሰው መቀመጫ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የተጠበቀ ነው። በአሁኑ ጊዜ ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው።

በዚህ ረገድ በስም የሚቀራረቡ ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «ክልል» እንደ አማራ ክልል ያለው የፌዴሬሽኑ አባል ነው። «የምርጫ ክልል» አንድ የሕዝብ ተወካይ የሚመረጥበት አካባቢ ነው። «ምርጫ ጣቢያ» ደግሞ መራጩ የሚመዘገብበትና ድምፅ የሚሰጥበት በቀበሌው የሚገኝ ቦታ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ምርጫ ጣቢያዎች ይኖራሉ።

በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ያሸንፋል። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ለምሳሌ በአንድ የምርጫ ክልል 24,000 ሰዎች ድምፅ ሰጡ እንበል። አንደኛው ዕጩ 9,000፣ ሁለተኛው 8,000፣ ሦስተኛው 7,000 ድምፅ ቢያገኙ መቀመጫውን የሚወስደው 9,000 ያገኘው ነው። ለሌሎቹ ሁለቱ የተሰጠው 15,000 ድምፅ በዚያ የምርጫ ክልል መቀመጫ አያስገኝም።

2. ተመሳሳይ ድምፅ በሌሎች አገሮች እንዴት ይቆጠራል?

ከላይ የተጠቀሰው ምሳሌ በሌሎች አገሮች ሕግ ቢሰላ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል።

በታላቋ ብሪታንያና በሕንድ ለታችኛው ምክር ቤት የሚደረገው ምርጫ እንደ ኢትዮጵያ በአብላጫ ድምፅ የሚወሰን በመሆኑ 9,000 ድምፅ ያገኘው ዕጩ ያሸንፋል። የብሪታንያው ምክር ቤት 650 ተመራጮች፣ የሕንዱ ደግሞ 543 ተመራጮች አሉት።

በፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ። በዚህ አሠራር ለሦስተኛው ዕጩ ድምፅ የሰጡት 7,000 ሰዎች በሁለተኛው ዙር አሸናፊውን ሊወስኑ ይችላሉ።

በአውስትራሊያ መራጩ ዕጩዎችን በምርጫው ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የእርሱ ድምፅ በመራጮቹ ሁለተኛ ምርጫ መሠረት ለቀሪዎቹ ይከፋፈላል።

በደቡብ አፍሪካ ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ሥርዓት ይሠራል። 400 አባላት ያሉት ብሔራዊ ምክር ቤት ፓርቲዎች ባገኙት የድምፅ ድርሻ ልክ ይከፋፈላል። በጀርመን ደግሞ ሁለቱን የሚያቀላቅል አሠራር አለ፤ መራጩ አንድ ድምፅ ለአካባቢው ዕጩ፣ ሌላ ድምፅ ለፓርቲ ይሰጣል።

ሥርዓቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት መራጩ ወኪሉ ማን እንደሆነ በግልጽ ያውቃል፤ ጥያቄውንም ለእርሱ ያቀርባል። በአንጻሩ ለተሸነፉ ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ ላይታይ ይችላል። በተመጣጣኝ ውክልና አነስተኛ ፓርቲዎችም መቀመጫ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ተመራጩ ከአንድ አካባቢ ሕዝብ ጋር ያለው ትስስር ሊላላ ይችላል።

3. የአገር መሪ አመራረጥ

በኢትዮጵያ መራጩ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አይመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ርዕሰ ብሔሩም በሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይሰየማል። ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም በአንድ የገጠር ምርጫ ጣቢያ የሚሰጥ ድምፅ መንግሥት በሚመሠርተው ምክር ቤት ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ በመወሰን በተዘዋዋሪ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርጫ ይደርሳል።

በኬንያ ግን ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ይመርጣል። አሸናፊው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ እንዲሁም ከ47ቱ አውራጃዎች ቢያንስ በግማሾቹ 25 በመቶ ማግኘት አለበት። በአሜሪካ የሕዝቡ ድምፅ 538 መራጭ ተወካዮችን የሚሰይም ሲሆን፣ ከእነዚህ 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕዝቡ ብዙ ድምፅ ያገኙት ዕጩ ሳያሸንፉ ቀርተዋል።

4. ከሹመት ወደ ድምፅ፦ የአገራችን ተሞክሮ

በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ተወካዮቹን እንዲመርጥ የፈቀደ ሲሆን፣ ከዚያም የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ተካሄደ። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲዎች አልነበሩም፤ ዕጩዎች የሚወዳደሩት በግላቸው ነበር። በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጠቅላላ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ሲካሄድ ቆይቷል።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2012 ዓ.ም. ሊደረግ ታቅዶ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዘመ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። በሐረሪ፣ በሶማሌና በቀድሞው የደቡብ ክልል አካባቢዎች ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልልም በጸጥታ ምክንያት በዕለቱ ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎች ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው የድምፅ መስጫው ቀን በሕግ ቢወሰንም እንኳ በየአካባቢው ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ነዋሪዎች ቀኑን በወሬ ሳይሆን በኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ መግለጫ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

5. ምዝገባ

በጀርመን የነዋሪዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ዜጋ ለምርጫ በተለይ መመዝገብ አያስፈልገውም፤ ጥሪው በአድራሻው ይደርሰዋል። በአሜሪካ በአንዳንድ ግዛቶች በድምፅ መስጫው ዕለትም መመዝገብ ይቻላል። በአውስትራሊያ መመዝገብም ሆነ ድምፅ መስጠት ግዴታ ሲሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል።

በኢትዮጵያ መምረጥ መብት እንጂ የሚያስቀጣ ግዴታ አይደለም፤ መብቱ በተግባር የሚውለው ግን መራጩ ራሱ ሲመዘገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላት እና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የተመዘገበ ሰው የመራጭነት ካርድ ይሰጠዋል። ምዝገባው በቦርዱ የጊዜ ሰሌዳ ተከፍቶ ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ይዘጋል።

6. በአካባቢያችን የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች

ለሥራ የተዛወረ ሰው፦ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወደ ቡሬ ከተማ ለሥራ የተዛወረ ነዋሪ በአዲሱ የምርጫ ክልል ስድስት ወር ካልሞላው በዚያ ለመመዝገብ የሚጠየቀውን የነዋሪነት ጊዜ አላሟላም። ስለዚህ የት መመዝገብ እንዳለበት ምዝገባው ሳይዘጋ መዝጋቢዎችን መጠየቅ ይኖርበታል።

ነጋዴና መንገደኛ፦ በፍኖተ ሰላም የተመዘገበ ነጋዴ በድምፅ መስጫው ቀን ቡሬ ቢውል ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ቢሄድ፣ ካርዱን ይዞ ቢገኝም በሌላ ጣቢያ ድምፅ መስጠት አይችልም። ጉዞውን ከቀኑ ጋር አስቀድሞ ማስማማት ይገባዋል።

ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄዱ ወጣቶች፦ በመኸር አዝመራ ወቅት ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች የምዝገባው ጊዜ በሌሉበት እንዳያልፍ መከታተል አለባቸው። ቤተሰብ ስለ እነርሱ ሊመዘገብ ወይም ድምፅ ሊሰጥ አይችልም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች፦ የኬንያ ዜጎች በውጭ አገር ሆነው ለፕሬዚዳንት ድምፅ ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ በተደረጉት ጠቅላላ ምርጫዎች ግን በውጭ አገር ምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም፤ የፖስታ ድምፅም የለም። በአገር ውስጥ ለተማሪዎች፣ ለወታደሮችና ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ዜጎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ሊቋቋም ይችላል።

7. የድምፅ መስጫ ቀን

ቀኑ ራሱ የየአገሩን አኗኗር ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1845 በወጣ ሕግ ምርጫው በኅዳር መጀመሪያ ላይ ማክሰኞ ቀን እንዲሆን ተወሰነ፤ ገበሬው እሑድ አምልኮውን ፈጽሞ፣ ሰኞ ተጉዞ፣ ረቡዕ ለገበያ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ብሪታንያ በልማድ ሐሙስ፣ ፈረንሳይና ጀርመን እሑድ፣ አውስትራሊያ ቅዳሜ ይመርጣሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ያካሄደችው ምርጫ በሰባት ዙሮች ተከፍሎ ከስድስት ሳምንት በላይ ወስዷል። በጋምቢያ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቸገር እንዲመርጥ መራጩ ብይ በዕጩው በርሜል ውስጥ ይጥላል፤ ብዩ ሲወድቅ ደወል ስለሚሰማ ሁለት ጊዜ መጣል አይቻልም። ኢስቶኒያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት መምረጥን ፈቅዳለች።

በአገራችን የ1997፣ የ2002 እና የ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች በግንቦት ወር በዕለተ እሑድ ተካሂደዋል። የ2013ቱ ግን ሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን ነበር። ሰኔ በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ የሚገባበትና ገበሬው ከሞፈርና ከዘር የማይለይበት ወር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ድምፅ እንዲሰጡ በተለይም እናቶች ከቤት ሥራ ተላቀው ወደ ጣቢያው እንዲሄዱ ሥራውን በተራ መከፋፈል ይጠቅማል።

በዕለቱ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ይሆናሉ። በ2013 ዓ.ም. ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ማራዘሙ ይታወሳል። መራጩ የመራጭነት ካርዱንና መታወቂያውን ያሳያል፤ ስሙ በመዝገብ ይረጋገጣል፤ ፊርማውን ወይም አሻራውን ያኖራል፤ ጣቱም በማይለቅ ቀለም ይቀባል። ከዚያም ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቀበላል፤ አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት ነው። ለክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ተወካይ የሚመረጥበት ቦታ ስላለ ስንት ሰው እንደሚመረጥ አስፈጻሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ዋጋ አይኖረውም።

ማንበብ የማይችል መራጭ ዕጩውን በመወዳደሪያ ምልክቱ ይለያል። ዓይነ ስውር ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃን የያዙ እናቶች በሰልፍ ቅድሚያ ያገኛሉ። በመዝጊያው ሰዓት በሰልፍ ላይ ያለ ሰው ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስም።

8. ቆጠራና አቤቱታ

ቆጠራው እዚያው በምርጫ ጣቢያው፣ የዕጩ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ይከናወናል፤ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። ማንኛውም ነዋሪ የቀበሌውን ውጤት ሄዶ ማንበብ ይችላል። ከምዝገባ ወይም ከድምፅ መስጠት ያለ አግባብ የተከለከለ ሰው በቅድሚያ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፤ በውሳኔው ካልረካ ጉዳዩን ወደ በላይ አካልና ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።

ምርጫን የሚያስፈጽመው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 የተቋቋመውና ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። መራጩን የመመዝገብም ሆነ ካርድ የመስጠት ሥልጣን የቦርዱ አስፈጻሚዎች ብቻ ነው። ለምዝገባም ሆነ ለካርድ ክፍያ አይጠየቅም።

ነዋሪዎች በአጭሩ እነዚህን ነጥቦች እንዲያስታውሱ ይመከራል፦ የምዝገባውን መክፈቻና መዝጊያ ቀን ከቦርዱ መግለጫ ማወቅ፤ በሚኖሩበት ጣቢያ ራስ ሄዶ መመዝገብ፤ ስም በመዝገቡ በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ፤ ካርዱን እስከ ዕለቱ ጠብቆ ማቆየት፤ ከጠፋም ቀኑን ሳይጠብቁ ለጣቢያው ማሳወቅ።