የሄርኒያ ላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና እና ከልክ ያለፈ ውፍረት

የሄርኒያ ላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች የሆድ ግድግዳን ክፍተት የመጠገን ዘዴ ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ሰፊ የቀዶ ሕክምና ቁስል በቀላሉ ስለሚያመረቅዝባቸው፣ ከዚህ ዘዴ በይበልጥ ከሚጠቀሙት ታካሚዎች መካከል ናቸው። ሆኖም ያው ውፍረት ሥራውን ለሐኪሙ ከባድ ያደርገዋል፤ የተጠገነው ቦታ ተመልሶ እንዲከፈትም ምክንያት ይሆናል። በመሆኑም ለእነዚህ ታካሚዎች ጥያቄው «እንዴት ይጠገን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «መቼ ይጠገን?» የሚለውም ነው።

ሄርኒያ ምንድን ነው?

የሆድ ግድግዳ ከቆዳ፣ ከስብ፣ ከጡንቻና ጡንቻዎችን ከሚያያይዝ ጠንካራ ነጭ ሽፋን የተሠራ ነው። ይህ ሽፋን ሲሳሳ ወይም ሲከፈት፣ በሆድ ውስጥ ያለው ሞራ ወይም አንጀት በክፍተቱ ሾልኮ ከቆዳ ሥር ያብጣል። ይህ ሁኔታ ሄርኒያ ይባላል። በብሽሽት በኩል የሚወጣው በተለምዶ ቡአ ይባላል። በእምብርት በኩል የሚወጣው የእምብርት ሄርኒያ፣ በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ በኩል የሚወጣው ደግሞ የጠባሳ ሄርኒያ ነው። ከውፍረት ጋር በጣም የተያያዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በአዋቂ ሰው ላይ የወጣ ሄርኒያ በመድኃኒት አይድንም። ቀበቶ ወይም መቀነት እብጠቱን ለጊዜው ይደግፈዋል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋውም።

ውፍረት የሆድ ግድግዳን እንዴት ይጎዳል?

ውፍረት በአብዛኛው የሚለካው የሰውነት ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ በማካፈል ነው። ይህ ልኬት ቢኤምአይ ይባላል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ፣ ልኬቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 82 ኪሎ ሲመዝን ልኬቱ 30 ይደርሳል፤ 109 ኪሎ ሲመዝን 40 ይደርሳል።

በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ ግድግዳውን ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በተለመደው አዋቂ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በጣም ወፍራም በሆነ ሰው ከ9 እስከ 14 ሊደርስ ይችላል። ከቆዳ ሥር ያለው ወፍራም ስብ ደግሞ የደም ዝውውሩ ደካማ ስለሆነ ቁስሉ ቀስ ብሎ ይድናል፣ በቀላሉም ያመረቅዛል። ያመረቀዘ ቁስል ያለበት የሆድ ግድግዳ ጠንክሮ አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ቀዶ ሕክምና ሄርኒያ ያስከትላል፣ ሄርኒያውን ለመጠገን የሚደረገው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ደግሞ የባሰ ሄርኒያ ሊያስከትል ይችላል። ላፓሮስኮፒ በዋናነት የሚያገለግለው ይህን ዑደት ለመስበር ነው።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያናዊው ሐኪም ኤዶአርዶ ባሲኒ የብሽሽት ሄርኒያን ጡንቻዎችን በክር በማያያዝ የሚጠግን ዘዴ አስተዋወቀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር ከፕላስቲክ የተሠራ መረብ መጠቀም ጀመረ። መረቡ ክፍተቱን በኃይል ከመሳብ ይልቅ እንደ እራፊ ይደግፈዋል፤ የሰውነት ሥጋም በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ያድጋል።

የመረቡ ጥቅም በጥናት ተረጋግጧል። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ በክር ብቻ ከተሰፉት ሰዎች 43 በመቶው በ3 ዓመት ውስጥ ሄርኒያው ተመልሶባቸዋል። በመረብ ከተጠገኑት ግን የተመለሰባቸው 24 በመቶው ናቸው።

በላፓሮስኮፒ ሄርኒያን ስለ መዝጋት ራልፍ ገር እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፏል። የጠባሳ ሄርኒያን በላፓሮስኮፒ በመረብ የመጠገን ዘዴን ደግሞ ካርል ለብላንክና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ አደረጉ።

አሠራሩ

ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሐኪሙ በሆድ ውስጥ የሥራ ቦታ ለማግኘት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል፤ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያም ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ጥቂት ቱቦዎች ካሜራና መሣሪያዎች ይገባሉ። በወፍራም ሰው ላይ ረዘም ያሉ ቱቦዎች ሊያስፈልጉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቱቦም ከጠባሳውና ከእምብርቱ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ይገባል።

ሐኪሙ በክፍተቱ ውስጥ የገባውን ሞራ ወይም አንጀት በጥንቃቄ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሲቻል ክፍተቱን በክር ይዘጋል፤ ከዚያም መረቡን ያነጥፋል። መረቡ ከክፍተቱ ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይደረጋል። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ሰፊውን መረብ ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል እንጂ አያወጣውም።

ተራ ፖሊፕሮፒሊን አንጀትን ሲነካ ይጣበቃል። ስለዚህ ከአንጀት ጋር የሚገናኘው መረብ በአንድ ወገኑ መጣበቅን የሚከላከል ሽፋን አለው። በአዳዲሶቹ ዘዴዎች መረቡ ከጡንቻው በስተጀርባ ስለሚቀመጥ አንጀትን ጭራሽ አይነካም። ይህ ጥልቅ ስፌት ስለሚጠይቅ በአንዳንድ አገሮች በሮቦት እየታገዘ ይሠራል።

ጥቅሙ

ትልቁ ጥቅም የቁስል ኢንፌክሽን መቀነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የኮክራን ግምገማ 880 ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ ነበር። በላፓሮስኮፒ የቁስል ኢንፌክሽን የመከሰት ዕድል በክፍት ቀዶ ሕክምና ከነበረው ሩብ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ ጥናቶችም በላፓሮስኮፒ የታከሙት ሆስፒታል የቆዩት ለአጭር ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። በሄርኒያው መመለስ ረገድ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ጥናቶቹ ወፍራም ሰዎችን ብቻ የሚመለከቱ ባይሆኑም፣ ቁስሉ በይበልጥ የሚያመረቅዝበት ሰው ከዚህ ልዩነት የሚያተርፈው የበለጠ ነው።

ችግሮቹ

ከሁሉ የሚፈራው አንጀት ሳይታወቅ መበሳቱ ነው። ይህ በሁለቱም ዘዴዎች የሚከሰተው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በግምገማው በላፓሮስኮፒ በዝቶ ታይቷል። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የተከፈተ ሆድ አንጀቱ ከጠባሳው ጋር ስለሚጣበቅ አደጋው ይጨምራል።

በወፍራም ሰው ላይ የሚነፋው ጋዝ ሳንባን ስለሚጫን ማደንዘዣውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው ታካሚዎች ይህን አስቀድመው መናገር አለባቸው። እንደ ሴማግሉታይድ ያለ ክብደት የሚቀንስ መርፌ የሚወስድ ሰውም ለማደንዘዣ ባለሙያው ማሳወቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ምግብ በጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሄርኒያው በነበረበት ቦታ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ታካሚው ሄርኒያው የተመለሰ ሊመስለው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፈሳሹ በራሱ ጊዜ ይመጠጣል። በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ቶሎ ተነስቶ መራመድ ይመከራል። በጣም ሰፊ ለሆነ ሄርኒያ ግን ክፍት ቀዶ ሕክምና የተሻለ ሊሆን ይችላል።

መቼ ይጠገን?

ሄርኒያው አስቸኳይ ካልሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች ታካሚው አስቀድሞ ክብደት እንዲቀንስ፣ ማጨስ ቢያንስ ለ4 ሳምንታት እንዲያቆምና የስኳር በሽታ ካለበት እንዲቆጣጠር ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የባለሙያዎች ስምምነት፣ ቢኤምአያቸው 50 ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች አስቸኳይ ያልሆነ የሆድ ግድግዳ ሄርኒያ ጥገናን አይመክርም። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ክብደት መቀነስ ላልቻሉ፣ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ቀድሞ ተደርጎ ሄርኒያው በኋላ ሊጠገን ይችላል።

መጠበቅም የራሱ አደጋ አለው። በክፍተቱ የወጣ አንጀት ሊታነቅና የደም ዝውውሩ ሊቋረጥ ይችላል። በወፍራም ሰው ላይ እብጠቱ በስብ ስለሚሸፈን ላይታይ ይችላል፤ ሐኪሙም በእጁ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፦

• እብጠቱ ጠንክሮ ወደ ውስጥ አልመለስ ሲል፤
• ድንገተኛና እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ሲኖር፤
• በላዩ ያለው ቆዳ ሲቀላ ወይም ሲጠቁር፤
• ማስመለስ ሲኖር፣ ሰገራና ጋዝም አልወጣ ሲል።

በዚህ ጊዜ ክብደት እስኪቀንስ መጠበቅ አይቻልም፤ የታነቀ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 8 በመቶው ክብደታቸው ከመጠን በላይ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም ከገጠር ይልቅ በከተማ ጎልቶ ይታያል። በቀዶ ሕክምና መውለድም የጠባሳ ሄርኒያ ሊያስከትል ይችላል። የላፓሮስኮፒ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ በዋናነት የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ፣ ክፍት ቀዶ ሕክምና አሁንም የተለመደ ነው። ላፓሮስኮፒ በሌለበት ቦታም ቢሆን ክብደት መቀነስ፣ ማጨስ ማቆምና ስኳርን መቆጣጠር የክፍት ቀዶ ሕክምናን ውጤት ያሻሽላሉ።